ቴሌግራም፣ ጉግል ክላስሩም ወይስ ኮሊብሪ? ለክፍላችሁ የሚሆነው የትኛው ነው?

የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ አፕ ክርክር ከተነሳ በቀላሉ አይበርድም። አንዱ «ቴሌግራም ይበቃል፣ ምን አስጨነቃችሁ» ይላል። ሌላዋ «ጉግል ክላስሩም ካልሆነ ሥርዓት አይኖረውም» ትላለች። የአይሲቲ መምህሩ ደግሞ ሰርቨር (ፋይል አስቀምጦ ለሌሎቹ የሚያድል ኮምፒውተር) ካልተገዛልኝ ብሎ ድርቅ ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። በሐሳባቸው ያለው ተማሪ ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሚያስበው የራሱ ስማርት ስልክ ያለውን ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ቤቱ ዋይፋይ የገባለትን። ሦስተኛው ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የተደረደሩትን ኮምፒውተሮች።

ይህን የጻፍኩት ሁለተኛ ደረጃ ለሚያስተምሩ ነው፣ በተለይ ክፍሉ ጢም ብሎ ለሚሞላባቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መሣሪያ የሚመረጠው ስልክ በሌለው ተማሪ ልክ ነው። ደግሞም ፒዲኤፍ መላክ ዲጂታል ትምህርት አይባልም፤ ፖስታ ማመላለስ ነው። አንድ አፕ ክፍል ውስጥ ዋጋ የሚኖረው ተማሪዎች ተባብረው የሆነ ነገር ሲሠሩበት ነው።

ፕላዝማን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። መሃል ላይ ተማሪው ባይገባው «ቆይ» የሚባል ነገር የለም፤ ሳተላይቱ አይጠብቅም። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ውድ መሣሪያ ነበር፣ ተማሪው ግን ተመልካች ሆኖ ቀረ። ዛሬም በስልክ የምናደርገው ብዙው ነገር ያው ፕላዝማ ነው፣ ስክሪኑ ብቻ ነው ያነሰው።

መጀመሪያ ክፍሉን ማወቅ

አፕ ከማውረዳችሁ በፊት ስለ ተማሪዎቻችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። «ስልክ ያላችሁ እጅ አውጡ» ብላችሁ ግን አትጀምሩ። የሌለው ልጅም እጁን ያወጣል፤ ማን ፊት ያፍራል? ቁራጭ ወረቀት አድሉና ስም ሳይጽፉ ይመልሱ። ጥያቄውም «ስልክ አለህ?» ባይሆን ይሻላል። «ማታ ስልክ የምታገኘው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የማን ስልክ ነው?» ይሁን። ያኔ እውነቱ ይወጣል። ስልኩ የአባት ነው፣ አባት የሚገቡት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ታላቅ እህት ትወስደዋለች። እንዲህ ላለ ቤት «ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ ኦንላይን እንገናኝ» ማለት ልጁን ከትምህርቱ ማስወጣት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ብዙዎቹ ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምትጠቀሙበትና ቤት የሚሠራበት መሣሪያ አንድ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ነገሩን የሚንከባከበው ማነው? ይህን ጥያቄ የዘለለ ትምህርት ቤት ውስጥ የተቆለፈ ላብራቶሪ አይጠፋም። «ቁልፉ ያለው ሰውዬ ዛሬ አልመጣም» የሚባለውን ታውቁታላችሁ።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይሆን አንድ ሥራ ይዘን መሣሪያዎቹን እንፈትናቸው። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ። ተማሪዎች በአምስት አምስት ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ቡድን ሰፈሩ አቅራቢያ ያለ ገበያ ይይዛል፦ ሾላ፣ ሳሪስ፣ መርካቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት። ለአንድ ወር፣ በየሳምንቱ የሽንኩርት፣ የቲማቲም፣ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ይመዘግባሉ። መጨረሻ ላይ አማካይና መካከለኛ ዋጋ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) አውጥተው፣ ግራፍ ሠርተው፣ ዋጋው ለምን ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። (አንድ ለአምስት የሚለው አደረጃጀት በፖለቲካው ምክንያት ስሙ ተበላሽቷል። እንደ ቡድን መጠን ግን ጥሩ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ቤት ስልክ መገኘቱ አይቀርም።)

ቴሌግራም፦ ሁሉም ቤት አለ፣ ሁሉም ነገር ግን አይሆንለትም

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ብዙ መምህራን የሮጡት ወደ ቴሌግራም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጆቹ ቀድመው እዚያ ነበሩ። አዲስ ነገር ማስተማር አያስፈልግም፣ ግሩፕ መክፈት ብቻ።

ከዋትስአፕ ጋር ሲነጻጸር ለትምህርት ቤት ቴሌግራምን እመርጣለሁ። የቴሌግራም ፋይል የሚቀመጠው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ልጁ ስልክ ቢቀይርም በአክስቱ ስልክ ቢገባም የአምናው ማስታወሻ አለ። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይይዛል። ከሁሉም በላይ ስልክ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ቁጥር በተለምዶ ለአባላቱ ይታያል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ለሴት ተማሪዎች ቀላል ነገር አይደለም። ግሩፑን በከፈታችሁ ዕለት ቁጥር እንዴት እንደሚደበቅ አሳዩአቸው።

ብዙ መምህራን የማይነኳቸው ጠቃሚ ነገሮችም አሉት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን ግሩፕ በርዕስ በርዕስ መከፋፈል ይቻላል። ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ ርዕስ ይከፈትለታል፣ የቡድን 3 ጨዋታ የቡድን 7ን ሥራ አይቀብርም። ፖል (የድምፅ መስጫ) ሲፈጠር የፈተና ዓይነት የሚባል ምርጫ አለ፤ ትክክለኛውን መልስ ታስቀምጣላችሁ፣ ለተሳሳተው ደግሞ አጭር ማብራሪያ ይወጣለታል። ማን ምን እንደመለሰ ማየት ከፈለጋችሁ ስም የሚደብቀውን ምርጫ ማጥፋት አትርሱ። ማታ ማታ ደግሞ የአባላትን የመጻፍ ፈቃድ ዝጉት። መምህርም ይተኛል።

አሁን የገበያውን ሥራ በቴሌግራም እንሞክረው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያምራል። ቡድኖቹ ዋጋ ይልካሉ፣ የሽንኩርት ፎቶ ይመጣል፣ አንዷ ሻጭ ስለ ትራንስፖርት ዋጋ ስታማርር የተቀዳ ድምፅ ይላካል። ድምፁ በተለይ ወርቅ ነው፤ ክፍል ውስጥ ቢሰማ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ያወያያል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቁጥሮቹ «እሺ ቲቸር»፣ «ቲቸር አልገባኝም» እና በሚደንስ ስቲከር መሃል ይጠፋሉ። መምህሩ ዋጋውን አንድ በአንድ ወደ ደብተር ይገለብጣል። ቴሌግራም ማውሪያ ነው፣ ማስታወቂያ መንገሪያ ነው፣ ድምፅና ፎቶ መሰብሰቢያ ነው። ሠንጠረዥ አይችልም፣ ማርክ አይዝም፣ ማን በሰዓቱ እንዳስረከበም ቆጥሮ አይነግራችሁም።

ዳታንም አስቡ። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ ከተተወ የእናትየዋን ጥቅል ባንድ ማታ ይበላዋል። በሴቲንግ ውስጥ አጥፉላቸው።

የጉግል መሣሪያዎች፦ አብሮ መሥራት የሚታይበት

እዚህ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ጉግል ክላስሩም አንድ ነገር ነው፣ ጉግል ዶክስ (ጽሑፍ መጻፊያ)፣ ሺትስ (ሠንጠረዥ) እና ፎርምስ (መጠይቅ) ሌላ ናቸው። ያለ ክላስሩም ሦስቱን መጠቀም ይቻላል። ለብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲያውም የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

ክላስሩም የተጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፣ ነፃ ነው። የቤት ሥራ ትለጥፋላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቅጂ ራሱ ያድላል። ማን እንዳስረከበ፣ ማን እንዳረፈደ ያሳያል። ማርክና አስተያየት ጽፋችሁ ትመልሳላችሁ። ሥርዓት ለሚወድ መምህር በእርግጥ ያስጎመጃል።

ችግሩ አካውንት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጂሜይል ያስፈልገዋል። «ቲቸር ፓስወርዴ ጠፋኝ» የሚለው ነገር በየሳምንቱ ይመጣል። ጂሜይሉን የከፈተለት የሰፈሩ ኢንተርኔት ካፌ ልጅ ይሆናል፣ ማስመለሻ ስልኩም የዚያ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ የራሱ ዶሜይን (በስሙ የተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ) ካለው ግን ጉግል ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን ነፃ አገልግሎት መጠየቅ ይችላል። ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት መሆኑን ያሳያል፣ ከተፈቀደለት ለተማሪዎቹ ራሱ አካውንት ይከፍታል፣ የጠፋ ፓስወርድ የሚቀይረውም ራሱ ነው። ዋይፋይ ያለው የግል ትምህርት ቤት ይህን ሳያደርግ ክላስሩም ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ወደ ገበያው እንመለስ። ለዋጋ መሰብሰቢያ ጉግል ፎርምስን የሚያህል አላየሁም። ቅጹን አንድ ጊዜ ታዘጋጃላችሁ፦ ቡድን፣ ገበያ፣ ቀን፣ የሽንኩርት ዋጋ በኪሎ፣ የጤፍ ዋጋ በኪሎ። ሊንኩን በቴሌግራም ትልካላችሁ። የሚሞላው ተማሪ በመለያ ግቡ የሚለውን ካላስገደዳችሁ ጂሜይል አያስፈልገውም። በማንኛውም ስልክ ብሮውዘር ይከፈታል፣ ዳታም ብዙ አይበላም። የሞሉት ሁሉ በቀጥታ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ይገባል። ሰኞ ጠዋት ስትነሱ የአሥራ ሁለቱም ቡድን ቁጥር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። አንዱ ቡድን የአንድ ሊትር ዘይትን ዋጋ በአምስት ሊትር ቦታ ቢያስገባ ግራፉ ላይ ተነጥሎ ይታያል። «ይህ ቁጥር ለምን ዘለለ?» ብሎ ክፍሉን መጠየቅ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚወጣው ትምህርት ነው። አማካይ ዋጋ በአንድ የተሳሳተ ቁጥር እንዴት እንደሚናጋና መካከለኛው ለምን እንደማይናጋ በዚያው ያያሉ።

ቀጥሎ የሚጻፈው ሁለት ገጽ አለ። እዚህ ነው ጉግል ዶክስ የሚለየው። በአገራችን የቡድን ሥራ በሽታው ይታወቃል፤ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስም ያስጽፋሉ። በዶክስ ላይ ሲሠራ ግን የለውጥ ታሪክ የሚባል ነገር አለ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደጨመረ ወይም እንደሰረዘ በቀለም ለይቶ ያሳያል። ዓርብ ማታ ላይ ሁለት ገጽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዱብ ካለም ይታያል። ከቻትጂፒቲ ተገልብጦ ይሁን ከጓደኛ ታሪኩ ብቻውን አይነግራችሁም፣ ግን የት ላይ መጠየቅ እንዳለባችሁ ይጠቁማል።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እንደ ፍርድ ወረቀት አትያዙት። አምስቱ ልጆች አንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አራቱ እያሰቡ አንዱ ቢጽፍ፣ የሚታየው የአንዱ ስም ነው። ያ ደግሞ ጥሩ የቡድን ሥራ ነው። እኔ የምመክረው ታሪኩን አይቶ ሁለት ጥያቄ በቃል መጠየቅ ነው። «ይህን አንቀጽ ለምን ሰረዛችሁት?» ሲባል የሠራ ልጅ መልስ አያጣም። ስሙን ያስጻፈው ግን ጣሪያ ያያል።

ሌላው የዶክስ ጥቅም አስተያየት መሃል ላይ መስጠት መቻሉ ነው። ወረቀት ሲሰበሰብ ሥራው አልቋል፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚመጣው ከሞተ በኋላ ነው። በዶክስ ግን ገና በሁለተኛው ቀን «ይህን ዋጋ ከየት አገኛችሁት?» ብላችሁ ዳር ላይ ትጽፋላችሁ። ቡድን 4 የቡድን 5ን እንዲያነብና አስተያየት እንዲሰጥም ማድረግ ይቻላል። ለዚህ አስተያየት ብቻ የሚያስጽፈውን ፈቃድ ስጧቸው፤ አለዚያ በቀልድ የተሰረዘ አንቀጽ ፍለጋ ትገባላችሁ።

አማርኛ በስልክ መጻፍ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፣ በተለይ ለአማርኛ ወይም ለሥነ ዜጋ ትምህርት ሲሆን። የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በድምፅ መጻፍም ይችላል። ተናግረው ያስጽፉትና እርማቱን በእጅ ይሥሩ። ማረሙ ራሱ አብሮ የሚሠራ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ማሽኑ የሚሰማው ነገር አንዳንዴ ያስቃል።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰፈር፣ የዶክስ አፕ ላይ ፋይሉ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ልጁ ይጽፋል፣ ኔት ሲያገኝ ራሱ ይልከዋል። አምስት ሰው እንዲህ እየጻፈ ሲገጣጠም ግን ሊምታታ ይችላል፤ አንቀጽ ተከፋፍለው ይጻፉ።

ኮሊብሪ፦ ኢንተርኔት ለሌለበት

ኮሊብሪን ብዙ መምህር አያውቀውም። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ የአሜሪካ ድርጅት የሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ካን አካዳሚን (ነፃ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ ያለበትን ድረ ገጽ) ያለ ኢንተርኔት የሚያስከፍት ፕሮግራም በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥተው ነበር። ኮሊብሪ የዚያ ተከታይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ አሮጌም ቢሆን። ኢንተርኔት የሌለው ተራ የዋይፋይ ራውተር ይያያዝለታል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ወይም ታብሌቶች በብሮውዘር ከእሱ ጋር ይገናኛሉ። ቪዲዮው፣ መልመጃው፣ ሁሉም ያለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ይዘቱ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ይገባል። ራስበሪ ፓይ በምትባለው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ትንሿ ኮምፒውተር በቂ ኃይል የሚሰጥ ፓወር ባንክ ከተገኘ ትነሳለች።

መምህሩ ትምህርት መድቦ፣ ፈተና አውጥቶ፣ የትኛው ተማሪ የት ላይ እንደተያዘ ያያል። ካን አካዳሚና ፌት የሚባሉት፣ ተማሪው እየነካካ የሚሞክራቸው የሳይንስ ማሳያዎች ውስጡ አሉ። ብዙው ይዘት በእንግሊዝኛ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ለሁለተኛ ደረጃ ያን ያህል አይጎዳም። የሚያስቸግረው ከእኛ መጽሐፍ ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ አለመገጣጠሙ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆነውን መምረጥ አለበት። ደግሞም መጀመሪያ ላይ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ይጠይቃል።

ለገበያው ሥራ ኮሊብሪ ምን ይሠራል? ዋጋ አይሰበስብም። አማካይና መካከለኛ ምን እንደሆኑ ከገበያ በፊት ለመማር ግን ጥሩ ነው። አብሮ መሥራቱን የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ፦ ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ልጅ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ አንዱ ደብተር ላይ ይሠራል፣ በየአሥር ደቂቃው ይቀያየራሉ። ይህ ካልተባለ ማውሱን የያዘው ልጅ እስከ ደወል አይለቀውም።

ክፍል ውስጥ ለመጠየቅ፦ ካሁት ወይስ ፕሊከርስ

ካሁት በስልክ የሚመለስ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው፣ የኖርዌይ ሥራ፤ ሙዚቃውም ፉክክሩም ልጆችን ያስጮኻል። ግን ፕሮጀክተር፣ ለእያንዳንዱ ወይም ለየቡድኑ ስልክ፣ ለሁሉም ባንድ ጊዜ የሚበቃ ኔትወርክ ይፈልጋል። በተለመደው አጨዋወት ቶሎ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ኔቱ የዘገየበትም አስቦ የሚመልስም ይቀጣል። በዓመት መጨረሻ ለመዝናኛ ይሁን።

ፕሊከርስ ብዙም አልተወራለትም፣ ለእኛ ክፍል ግን የተሠራ ይመስላል። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም። ለእያንዳንዱ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለበት ወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል። ወረቀቱ አራት ጎን አለው፣ እያንዳንዱ ጎን አንድ መልስ ነው። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ይይዛል። መምህሩ በራሱ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ከዳር ዳር ሲቃኝ አፑ የሁሉንም መልስ ያነባል። የካርዱ ቅርጽ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስለሚለያይ ከጎረቤት መገልበጥ አይመችም። ትልቁ የካርድ ስብስብ 63 ነው፣ ለስልሳ ተማሪ ይበቃል። የሚያስፈልገው የመምህሩ አንድ ስልክና ትንሽ ዳታ ብቻ ነው። ነፃው አገልግሎት የጥያቄዎቹን ብዛት ይገድባል፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ግን ሁለትና ሦስት ጥሩ ጥያቄ ከበቂ በላይ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ አለ። ጥያቄ ይቀርባል፣ ሁሉም ለየብቻው ይመልሳል። መልሱ ከተከፋፈለ መምህሩ አይናገርም፤ «የተለየ መልስ ያለውን ጎረቤትህን አሳምን» ይላል። ጥቂት ደቂቃ ይከራከራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይመልሳሉ። ወንበር ማንቀሳቀስ በማይቻልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያህል የትብብር ዘዴ ማግኘት ይከብዳል። ፕሊከርስ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን መልስ ጎን ለጎን ለማየት ያመቻል።

ስለ ቀሩት በአጭሩ

ሙድል በ2002 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ ነፃ የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያውቁታል። ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ሥራ በመመዘኛ እንዲያርሙ የሚያደርግ ጥሩ ክፍል አለው። ግን ሰርቨርና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። የጫነው ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲለቅ ሙድሉም አብሮት ይለቃል። ለኮሌጅ አዎ፣ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልመክርም። ፓድሌት የኦንላይን ሰሌዳ ነው፣ ሐሳብ ለመለጠፍ ያምራል፣ ነፃው ግን የሰሌዳውን ቁጥር ይገድባል። ዙምና ጉግል ሚት ለመደበኛ ትምህርት አያዋጡም፤ ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፣ ከዚያ በፊት ግን የተማሪዎቹ ዳታ ያልቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ጥንቃቄ

ማርክ በግሩፕ ውስጥ አትለጥፉ። ስምና ውጤት ተደርድሮ የተለጠፈበት ዝርዝር ፎቶ ተነስቶ የት እንደሚደርስ አታውቁም። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የተማሪ መረጃም የግል መረጃ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ዝቅተኛ ያመጣችዋ ልጅ ነገ ክፍል መግባት አለባት።

ሌላው መዘጋት ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ለወራት ተገድቧል። ተማሪዎቹ ቪፒኤን (እገዳን አልፎ የሚያስገባ አፕ) ያገኙት ከመምህራኑ ቀድመው ነው፣ ያላገኙት ግን ማስታወሻቸው እዚያው ቀረባቸው። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁት ሁሉ ሌላም ቦታ ይኑር፤ ቤተ መጻሕፍት ያለ ፍላሽ ይበቃል፣ ልጆቹ ዜንደር በሚባለው ያለ ኢንተርኔት ፋይል የሚያስተላልፍ አፕ ይቀባበሉታል።

እንግዲህ የቱ ለማን?

ስልክ በር ላይ የሚሰበሰብበት፣ ክፍሉ ስልሳ የሚሞላበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ፦ ክፍል ውስጥ ፕሊከርስ፣ ለቤት ሥራ ቴሌግራምና ጉግል ፎርምስ። የቤት ሥራው ለቡድን ይሰጥ፣ ለግለሰብ አይሁን፤ ስልክ የሌለው ልጅ ገበያ ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ያለው ያስገባል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። የተቀመጡ ኮምፒውተሮች ካሉ ኮሊብሪ ይጫን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ልጆቹ ማውስ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ፈተናው ቀን መሆን የለበትም።

ዋይፋይና የራሱ ዶሜይን ያለው ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ክላስሩምና ዶክስ ይሂድ። ቴሌግራምን ለወላጅ ማስታወቂያ ይተወው፣ እሱም መልስ በማይጻፍበት ቻናል። ወላጆች ግሩፕ ውስጥ ሲከራከሩ ያየ ምክንያቱ ይገባዋል።

ኔትወርክ ዛፍ ላይ ተወጥቶ የሚፈለግበት ወረዳ ላለ መምህር ከኮሊብሪ ሌላ ብዙ ምርጫ የለም። አንድ ላፕቶፕና አንድ ራውተር ይበቃሉ። ይዘቱን ዞን ከተማ ለስብሰባ የሚሄድ ሰው በሃርድ ዲስክ ያምጣው። የገበያው ሥራ ደግሞ በትልቅ ወረቀት ይሠራ፤ ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ቡድኖቹ በየሳምንቱ ሰኞ ከትምህርት በፊት ይሙሉት። ወሩ ሲያልቅ ሁለት ልጆች ላፕቶፑ ላይ ያስገቡታል፣ ግራፉ እዚያው ይሠራል። ስህተት ያለበትን ቁጥር የማግኘቱ ክርክር በወረቀቱም ላይ ያው ነው።